ባለቤቱ የማይታጠብበት ሳውና

ሃንኮክ፣ ሚሺጋን
ኦክቶበር 9 ቀን 2017

እህት ዓለም ለምፒ፣

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ፦ አላበድኩም። ለሁለተኛው፦ ዶሪስ ታውቃለች። አሁን ታውቃለች። ሦስተኛውን አልመልስም፤ እማማ በሕይወት ብትኖር አፍሽን በሳሙና ታጥብልሽ ነበር።

እንደምን ሰነበትሽ? የአሪዞና ፀሐይ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፣ ጉልበቴም ደህና ነው። ስልክ ላይ ለተናገርኩት ይቅርታ። ጆሮዬ ላይ ለዘጋሽው ደግሞ አንቺ ይቅርታ ጠይቂ። ከእንግዲህ በደብዳቤ ይሁን ያልሽው ትክክል ነው። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ፖስታው እዚያ እስኪደርስም ሰው ይበርዳል።

አዎ፣ የአባባን ቤት የገዛሁት እኔ ነኝ። ቤቱን ይዞት የነበረው የቺካጎ ጥርስ ሐኪም ለሽያጭ ማውጣቱን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰማሁ። ገንዘብ ከየት አመጣህ ላልሽው፣ ዕድሜዬን ሙሉ የካውንቲውን መንገዶች በረዶ ስጠርግ ያጠራቀምኩት የጡረታ ሂሳብ ነው እንጂ ሌላ ምን አለኝ? አንድ ሰው እንዲህ አለኝ፦ የጡረታ ገንዘብህን አንተ ራስህ ወደምታዝበት ሂሳብ ብታዛውረው ቤትም መሬትም ትገዛበታለህ፤ ግብሩን የምትከፍለው ገንዘቡን ስታወጣ ብቻ ነው። «አንተ ራስህ የምታዝበት» የምትለዋ ነገር ልቤን ወሰደችው። ከዶሪስ ጋር ይህን ያህል ዘመን የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ቃል በየቀኑ አይሰማም።

ያልገባኝ ነገር፣ አዛዡ እኔ ብሆንም ባለቤቱ እኔ አለመሆኔ ነው። ቤቱ የሂሳቡ ነው። ሂሳቡን የሚጠብቀው ድርጅት ውስጥ ብሪያና የምትባል ልጅ አለች፣ ስልክ የምታነሳልኝ። ሽያጩ ባለቀ ማግስት የደጃፉን ደረጃ ልጠግን ሄድኩና፣ የምስማሩን ደረሰኝ ወዴት ልላክ ብዬ ከዚያው ደወልኩላት።

«አቶ ኦያላ፣ መዶሻውን የያዘው ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ።»

«እባክዎ ያስቀምጡት።»

እኔ፣ ሚስቴ፣ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ እዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ሌሊት ማደር አንችልም። መጠገን አንችልም፣ ቀለም መቀባት አንችልም። ምስማሩን ሂሳቡ ይገዛል፣ ባዳ ሰው ይመታዋል። ይህን ካፈረስኩ መንግሥት ያጠራቀምኩትን ሁሉ በአንድ ቀን እንዳወጣሁት ይቆጥርና ግብሩን ይጭንብኛል፤ ያኔ ቤቱም ይሄዳል፣ ጡረታዬም ይሄዳል። የፈረምኩት ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ተጽፎ ነበር ወይ? ተጽፎ ነበር። አንብቤው ነበር ወይ? ሌላ ጥያቄ ጠይቂኝ።

ለምን ገዛኸው ብለሽኛል። ለትርፍ ነው። ኢንቨስትመንት ይሉታል።

ወንድምሽ መልቪን


ዩማ፣ አሪዞና
ኦክቶበር 21 ቀን 2017

ወንድሜ መልቪን፣

ጤና ይስጥልኝ። ስልኩን ስለዘጋሁብህ ይቅርታ። የተናገርኩትን ግን አላነሳም።

ደብዳቤህን አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ለጎረቤቴ ለዊልማ አነበብኩት። ዊልማ ስቃ ስቃ ጥርሷ ሊወልቅ ምንም አልቀረው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት አንተ ነህ። ሰው ቤት ይገዛል እንዲኖርበት፣ ወይም ይገዛል እንዲያከራየው። አንተ ግን ምስማር እንዳትመታበት ብለህ ገዛህ። አባባ ያንን ቤት ከግንድ ሲያቆም የጠየቀው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ሳውናውን ሠራ፣ ቤቱ እስኪያልቅ እዚያው ኖሩ፣ እኔም እዚያው ተወለድኩ። ያኔ ብሪያና ብትኖር ኖሮ እማማን በምጥ መካከል ታስወጣት ነበር።

ሳውናውስ? እሱም የሂሳቡ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠበው ታዲያ ሂሳቡ ነው?

እኔ ደህና ነኝ። ባሌ ሬይ ካረፈ ወዲህ ከልጄ ጋር መሆኔ ጥሩ ሆነልኝ። ምራቴ ስፖርት የምትሠራበትን ብስክሌት እኔ ክፍል አስገብታዋለች፤ ወይም እኔ ብስክሌቱ ክፍል ገብቻለሁ፣ ነገሩ አልተጣራም። ማለዳ ማለዳ ትመጣና ትጋልባለች። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ አያታለሁ። የትም አትደርስም። ጥሩ ልጅ ነች። ደህና ነኝ ብያለሁ፣ ደግመህ አትጠይቀኝ።

ዶሪስን ሳምልኝ።

ለምፒ


ሃንኮክ
ኖቬምበር 14 ቀን 2017

እህት ዓለም፣

ስለ ሳውናው ባትጠይቂኝ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩት።

ኢንሹራንሱ የጭስ ማውጫው ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጭስ ማውጫ ደግሞ እሳት ሳይነድ አይታወቅም። ስለዚህ አነደድኩት፣ ለብሪያናም በስልኳ ላይ መልእክት ተውኩላት። ለምፒ፣ ያ የጥድ ሽታ እንደድሮው ነው። ድንጋዮቹ ጋሉ። በምን ሰዓት ልብሴን እንዳወለቅሁ አላውቅም፤ ሰው የሞቀ ሳውና ፊት ሲቆም እጁ ራሱ ቁልፉን ይፈታል። የውስጡን በር እጀታ እንደያዝኩ ስልኬ ጮኸ።

«አቶ ኦያላ፣ መልእክትዎ ደርሶኛል። ሳውናውን እየፈተሽኩ ነው ብለዋል።»

«አዎ፣ እየፈተሽኩ ነው።»

«ለመፈተሽ ልብስ ማውለቅ ያስፈልጋል?» በምን እንዳወቀች አልገባኝም። ድምፄ ይሆናል።

«እኛ አገር አዎ» አልኳት።

«እኛ ምክር አንሰጥም» አለች፤ ሁልጊዜ የምትለው ነው። «ግን እኔ ብሆን ልብሴን እለብስ ነበር።»

ወጥቼ በፎጣ ተጠቅልዬ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጀምሯል። የሞቀ ሳውና ባዶውን መተው ደግሞ ነውር ነው፣ አባባ አይወደውም። እዚህ ላይ ዴል ኪኑነን በመኪናው ሲያልፍ አየኝ። ዴልን ታስታውሺዋለሽ፣ ሌላኛውን የካውንቲ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ የኖረው፣ የሰውን የፖስታ ሳጥን ሁሉ እየገነደሰ። ዴል ለእኔ ባዳ ነው። ባዳ ይፈቀድለታል። ለምፒ፣ ገባ። ውሃ ሲደፋ ይሰማኛል፣ ሲዘፍንም ይሰማኛል። እንደ ቲማቲም ቀልቶ ወጣና «ምድጃው ጎበዝ ነው፣ ጣሪያው ግን ዝቅ አለብኝ» አለኝ።

የቤቱን በረዶ የሚጠርገውም እሱ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ስላሸነፈ ሂሳቡ የቀጠረው እሱን ሆነ። እኔ መንገዱ ዳር ፒካፔ ውስጥ ተቀምጬ አያለሁ። የእማማን የአበባ መደብ ጠርጎ ሐይቅ ውስጥ ከተተው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሂሳቡ ውስጥ የቀረው ገንዘብ ለቤት ግብሩ፣ ለኢንሹራንሱና ለዴል እየወጣ እያለቀ ነው። ከኪሴ ልጨምር አልችልም፤ ከደመወዝ የመጣ ገንዘብ ካልሆነ አይገባም፣ እኔ ደግሞ ጡረተኛ ነኝ። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ተከራይ ካልገባ ቤቱ ይሸጣል። አንድ የዲትሮይት ሰው አፍርሶ ባለ ሦስት ጋራዥ ቤት ሊሠራበት ዙሪያውን ይዞራል።

በነገራችን ላይ ብሪያናን ስለ እህት ጠይቄያት ነበር። እህት አትከለከልም አለችኝ። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት።

መልቪን


ዩማ
ኖቬምበር 28 ቀን 2017

መልቪን፣

አንተ ዝም ብለህ የጠየቅኸው ነገር ከተወለድክ ጀምሮ የለም። «ለትርፍ ነው» ስትለኝ ነው ያልገባኝ እኔ ጅሏ። ገብቶኛል አሁን።

አዝነህልኝ ነው። ስለ ብስክሌቱ ሳልጽፍልህ በፊት ገና ልጄን ደውለህ ጠይቀኸዋል፤ አትካድ፣ ነግሮኛል። ከዚያ ጡረታህን ሁሉ ይዘህ አንዲት መበለት ልትመጸውት ወጣህ። ሬይ ሲሞት የላክኸውን ቼክ መለስኩልህ። ይሄንንም እመልሰው ነበር፣ ቤት ፖስታ ሳጥን አልገባ ብሎኝ ነው። በሰው ቤት ያለሁት በቃኝ፤ አሁን ደግሞ በታናሽ ወንድሜ ምጽዋት ልኑር? ያሳደግሁህ እኔ ነኝ እኮ።

በዴል ሳቅሁ። ሳልፈልግ ነው የሳቅሁት፣ አይቆጠርልህም።

ለዲትሮይቱ ሰው ሽጥለት።

ለምፒ


ሃንኮክ
ዲሴምበር 9 ቀን 2017

ለምፒ፣

አዎ። ለአንቺ ነው የገዛሁት። ናፍቀሽኛል፣ ዶሪስም ናፍቀሻታል፣ እዚያ ደስተኛ አይደለሽም። ይኸው አልኩት። ስልክ ላይ ብለው ኖሮ እስካሁን ዘግተሽዋል።

ምጽዋት ያልሽው ግን ስህተት ነው፣ እንዳትቆጪ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ሕጉ እንዳዝንልሽ አይፈቅድልኝም። ገማች መጥቶ የቤቱ ኪራይ በወር ሰባት መቶ ዶላር ነው ብሏል። ከዚያ ላይ አንዲት ዶላር ባጎድልልሽ ሕግ አፈረስኩ፣ ጡረታዬን በላሁ ማለት ነው። ኪራይ ብታዘገዪ ማስጠንቀቂያ ልጽፍብሽ፣ ደግመሽ ብታዘገዪ ላስወጣሽ ነው። አምፑል ቢቃጠል አልቀይርልሽም። ቧንቧሽ በረዶ ሆኖ ቢዘጋ ቆሜ አይሻለሁ። ደጅሽን አልጠርግም፤ ዴል ይጠርገዋል፣ እግዚአብሔር ይሁንሽ። ቼኩን እንኳ ለእኔ አትጽፊውም፣ ለሂሳቡ ነው።

አስቢው እስቲ። በዚህች ምድር ላይ እኔ አንቺን ልረዳ በጭራሽ የማልችልበት አንድ ቤት ቢኖር ያ ቤት ነው።

ያንቺው መልቪን


ዩማ
ዲሴምበር 22 ቀን 2017

ለተከበሩ አከራይ አቶ መልቪን ኦያላ፣

ያቀረቡትን የኪራይ ሐሳብ ተመልክቼዋለሁ። ሰባት መቶ ዶላር ለዚያ ቤት ውድ ነው። የሰሜኑ መስኮት ንፋስ ያስገባል፤ ልጅነቴን ሙሉ ከሥሩ ስለተኛሁ በደንብ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት በማገኘው ጡረታና ሬይ በተወልኝ እከፍላለሁ፣ በየወሩ መጀመሪያ፣ ሳልጠየቅ። የደጃፉ ደረጃ ከመግባቴ በፊት እንዲጠገን አሳስባለሁ። ውሉ በወር በወር የሚታደስ ይሁን። ለልጄ ክረምቱን ልይና እመለሳለሁ ብዬዋለሁ፣ አልጋዬም ባለበት ይቆየኛል።

መልቪን፣ አሁን አከራዩን ተወውና አንተ አንብበው። እዚህ ሁሉም ደግ ናቸው። ከወንበር ልነሳ ስል ይነሱልኛል፣ ሳህን ላጥብ ስል ይቀሙኛል። ደግነታቸው እንግዳ አደረገኝ፤ አራት ዓመት እንግዳ ሆኖ መኖር ይደክማል። አንተ «ቆሜ አይሻለሁ» ያልከኝ ቦታ ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ስንት ጊዜዬ ሰው እንዲህ ካናገረኝ።

ለምፒ


ሃንኮክ
ጃንዋሪ 17 ቀን 2018

እህት ዓለም፣

ደረጃው ተጠግኗል። የጠገነው ልጅ ምስማሩን አጣሞ መታው፣ እኔ ዘወር ብዬ ሐይቁን አየሁ።

መንገዱ እንዳያሳስብሽ፣ አሁን ክፍት ነው፣ ግን እንዴት እንደተከፈተ ስሚ። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ በረዶ ጣለ። ዴል በጉንፋን ተኝቷል። አንቺ ልትመጪ ነው፣ ደጁ ደግሞ የለም፤ ከነመስኮቱ ተቀብሯል። ፒካፔን ግቢው አፍ ላይ አቆምኩና ከፊቱ የተገጠመውን የበረዶ መጥረጊያ ምላጭ አወረድኩት። ማውረድ መጥረግ አይደለም ብዬ። ብሪያናን ደወልኩላት።

«በረዶው ምን ያህል ነው?» አለችኝ። እሷ ያለችበት አገር በረዶ መጠጥ ውስጥ ነው የሚያውቁት።

«መስኮት ደርሷል።»

«የመኪናው መስኮት?»

«የቤቱ።»

«ምክር አንሰጥም» አለች፣ ቀጥላ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያስገቡ፣ አቶ ኦያላ» አለችኝ። እኔ ኪሴን ስፈልግ ዶሪስ ከጎኔ ሆና የመኪናውን ቁልፍ ነቀለችው።

በመጨረሻ የዴል ሚስት ኢሌን በባሏ መኪና መጥታ ጠረገችው። ለምፒ፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ዳቦ ይመስላል። ይህን ሁሉ ዘመን ተፎካካሪዬ ዴል መስሎኝ ነበር።

ዶሪስ ሄል ያለበት ጣፋጭ ዳቦ፣ ኒሱ ጋግራልሻለች። ከደጃፉ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ዳቦ ይፈቀዳል። አውሮፕላን ማረፊያ እንቀበልሻለን፤ እሱም ይፈቀዳል።

መልቪን


ሐይቁ ዳር
ማርች 5 ቀን 2018

ለአከራዬ፣

በአንዲት ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ደብዳቤ መጻጻፋችን ያስቃል፤ ግን ማክሰኞ ስልክ ስንደዋወል ምን እንደሆነ አይተሃል።

ኪራዩ ተልኳል። ቤቱ ሞቃት ነው። የሰሜኑ መስኮት እንደጠበቅሁት ነው።

አሁን ቅሬታዬን ስማ። መንገዱ ዳር ፒካፕ ውስጥ ተቀምጦ ቤቴን የሚያይ ሰው አለ። ና ግባ ስለው ይመጣል፣ ግን ምንጣፉ ላይ ይቆማል። ወንበር ስሰጠው «የሂሳቡ ወንበር ነው ወይስ ያንቺ?» ይለኛል። በሊጥ የተጠቀለለ የስጋ ፓስቲ ሳቀርብለት በእጁ ይዞ ወደ መኪናው ይወስደዋል። ቅዳሜ ሳውናውን አነደድኩ። ብቻዬን ገብቼ ውሃ ደፋሁ። እንፋሎቱ ወጣ፣ «ጨምሪ» የሚለኝ የለም፣ «በቃ» የሚለኝም የለም። ከአንድ ጣሳ በኋላ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አላነደድኩትም።

እንግድነትን ሸሽቼ መጣሁ። እዚህ ደግሞ አንተ እንግዳ ሆነህ ጠበቅኸኝ። አልተቀየምኩህም፣ ሕጉ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ብቻዬን ለመሆንማ ዩማ ይሞቃል። በሜይ መጨረሻ ልመለስ አስቤያለሁ፤ ያኔ ሌላ ተከራይ ለማግኘት ይመችሃል።

ለምፒ


ሃንኮክ
ማርች 8 ቀን 2018

ለምፒ፣

አትሂጂ።

ያሰብኩት ነገር አለ። ይሆናል አይሆንም የሚለውን ሳላውቅ አልነግርሽም፤ አንዴ ሳላነብ ፈርሜ የሆንኩትን አይተሻል። አሁን እያነበብኩ ነው። ዶሪስ መነጽሯን አውሳኛለች። እስከ በጋው መጨረሻ ብቻ ታገሺኝ። ሰዎች ይመጣሉ፣ በር ክፈችላቸው።

መልቪን


ሐይቁ ዳር
ጁን 2 ቀን 2018

መልቪን፣

አልሄድኩም። እስከ ሴፕቴምበር ብዬ ለልጄ ነግሬዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልዋሽለትም።

ግን ተከራይ ነኝና የማወቅ መብት አለኝ። ሣሩ ላይ ችካል እየተከለ ገመድ የሚዘረጋው ሰውዬ ማነው? ትናንት ደግሞ ገማች ነኝ ያለ ሌላ መጣ። ሳውናውን ዞሮ ዞሮ አየና «እንዲህ ያለ ነገር ለብቻው ገምቼ አላውቅም» አለ። ሳይገቡበትማ እንዴት ይገመታል ብዬ አነደድኩለት። ፎጣም ሰጠሁት። ሲወጣ ወረቀቱን እዚያው ሳውናው ውስጥ ረስቶ፣ ጫማውንም እጁ ላይ ይዞ ነበር። ዋጋውን ከፍ አድርጎብህ እንደሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ምን እየሠራህ ነው?

ለምፒ


ሃንኮክ
ኦገስት 27 ቀን 2018

እህት ዓለም፣

አልቋል። አሁን ልንገርሽ።

ዕድሜዬ ስለደረሰ ከሂሳቡ ማውጣት እችላለሁ። ገንዘብ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ንብረቱንም እንዳለ ማውጣት ይቻላል፤ የወጣው ነገር ዋጋ የዚያ ዓመት ገቢዬ ተብሎ ይቆጠርና ግብር እከፍልበታለሁ። ቤቱን ሁሉ ላውጣ ብል ግብሩ ያጎብጠኛል። ስለዚህ ካውንቲውን አስፈቅጄ መሬቱን ለሁለት አስከፈልኩት። ቤቱ ከነግቢው በሂሳቡ ቀረ። ሳውናውን፣ የቆመበትን መሬትና ጀልባ ማሰሪያውን ለራሴ አወጣሁ። ገላውን ለመታጠብ ለመንግሥት የገቢ ግብር የሚከፍል ሰው ከእኔ በፊት ካለ አላውቅም። ለግብሩ ብዬ የፒካፔን በረዶ መጥረጊያ ሸጥኩት። ለማን እንደሸጥኩት አትጠይቂኝ። ኢሌን እንደምትነዳው ቃል ገብታልኛለች።

አንድ እንከን አለው። ከመንገዱ ወደ ሳውናው የሚያስገባው በግቢሽ በኩል ብቻ ነው፣ ግቢው ደግሞ የሂሳቡ ነው። ብሪያናን ጠየቅኋት። አንቺን ልጠይቅ በግቢው ማለፍ እችላለሁ። ልታጠብ ማለፍ ግን መሬቱን ለጥቅሜ ማዋል ይመስላል፤ ምክር አንሰጥም አለችኝ። ስለዚህ በሐይቁ እመጣለሁ። ከካውንቲው የጀልባ ማሰሪያ ተነስተን እኔና ዶሪስ እንቀዝፋለን፤ ውሃው በረዶ ሆኖ ሲጠነክር በእግር። ሐይቁ ለጀልባም ለእግርም በማይሆንባቸው ሳምንታት ቤታችን እንታጠባለን።

ሌላም ጠየቅኋት። «እህቴ የእኔን ሳውና በነፃ ብትጠቀምስ?» አልኳት። «የእርስዎ ነው፣ አቶ ኦያላ፤ እንደፈለጉ» አለችኝ። ለምፒ፣ ከችካሉ ወዲያ አከራይሽ ነኝ። ከችካሉ ወዲህ ወንድምሽ ነኝ። እንጨቱን እኔ እፈልጣለሁ፣ በሩን እኔ እጠግናለሁ፣ አንቺ አንዲት ሳንቲም አትከፍይም፣ አፍሽንም አትከፍቺም።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እንመጣለን። አንድደሽ ጠብቂን።

መልቪን


ሐይቁ ዳር
ሴፕቴምበር 3 ቀን 2018

ወንድሜ መልቪን፣

ቅዳሜ ልነግርህ የፈለግሁት ነበረ። ሦስታችን ፎጣ ለብሰን እዚያ አግዳሚ ላይ ስንደረደር፣ ዶሪስ ስለ ጀልባው ስታማህ፣ አንተ ውሃውን ስትደፋና እኔ «ጨምር» ስልህ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ውሃ ውስጥ ገባን፣ ከዚያ ሳቅን፣ ከዚያ መሸባችሁና ሄዳችሁ። ስትቀዝፉ ጀልባ ማሰሪያው ላይ ቆሜ አየኋችሁ። አሁንም አጣመህ ነው የምትቀዝፈው።

ኪራዩ ተልኳል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለውን ወረቀት ለብሪያና አስተላልፍልኝ፤ ውሉን እንድትቀይርልኝ የጻፍኩት ነው። በወር በወር የሚለው ይሰረዝ። ለስንት ዓመት ትፈልጊያለሽ ካለችኝ፣ የሚፈቀደው ረጅሙ ስንት ነው በላት፤ እሱን ይጻፉ፣ ሲያልቅም ደግመው ይጻፉት። ለልጄ ደውዬ አልጋዬን እንዲያወጣው ነግሬዋለሁ። አለቀሰ። እኔ ከእሱ ጋር አላለቀስኩም፣ ስልኩን አስቀምጬ ነው ያለቀስኩት።

ገበያው ሲጨምር ኪራዩን ጨምርብኝ። አንዲት ዶላር እንዳትተውልኝ፣ እንዳታዝንልኝ። ለማዘን ቅዳሜ አለልህ።

ተከራይህና እህትህ
ለምፒ